ያልፈረመው ዋስ፦ “ጤና ይደርሳል” ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አንድ ጽሑፍ በስልኬ ላከችልኝ። ከሥሩ “አንብቢው፤ እውነቱን እኮ ነው” ብላለች። ማታ ልጄን ካስተኛሁ በኋላ አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ግን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ርዕሱ “ጤና ይደርሳል፤ መጀመሪያ ኑሮ” ይላል። ጸሐፊው ከምንም ተነስተው ዛሬ የራሳቸው መጋዘን ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ሥራን፣ ቤተሰብንና ጤናን አንድ ላይ መያዝ ስለማይቻል በየተራ መያዝ ነው ባይ ናቸው። መጀመሪያ ገንዘብ፣ ቀጥሎ ቤተሰብ፣ ጤና ደግሞ ከ50 ዓመት በኋላ። ምክንያታቸውንም ይዘረዝራሉ። ወጣት ሰውነት ሁሉን ይችላል። ወላጆቻችን ያለ ዕረፍት ሠርተው ምንም አልሆኑም። እንቅልፍ የሰነፍ ነው። ጤናን ማስቀደም የሀብታም ቅንጦት ነው። ለቅሶና እድር፣ ቡናና ጥየቃ ጊዜ ይበላሉ። ለቤተሰብ ሲሉ ራስን መጉዳት ደግሞ ትልቁ ፍቅር ነው። መጨረሻ ላይ “እኔ 8 ዓመት ሙሉ የሐኪም ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም” ብለው ይዘጋሉ።

የምስማማበትን ላስቀድም። ኑሮ ከብዷል። የቤት ኪራዩ፣ የትምህርት ቤት ክፍያው፣ ዘይቱ፣ ጤፉ፣ ሁሉም በየጊዜው ሌላ ዋጋ ይዞ ነው የሚመጣው። ጸሐፊው እናታቸው ጉልት ተቀምጠው እንዳሳደጓቸው ሲጽፉ እንባዬ መጥቷል። ድህነትን የቀመሰ ሰው ገንዘብ ቢያስቀድም አልፈርድበትም። ትጋታቸውን አከብራለሁ። ሂሳባቸው ላይ ግን አልስማማም።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። በሙያው 14 ዓመት ቆይቻለሁ። በእኔ ዓይን ይህ ጽሑፍ አንድ ትልቅ ዕዳ ሳይመዘገብ የተዘጋ ሂሳብ ነው። ጤናውን ለነገ የሚያሳድር ሰው ከነገው ላይ እየተበደረ ነው። ብድር ደግሞ ዋስ አለው። ተበዳሪው መክፈል ሲያቅተው የሚከፍለው ዋሱ ነው። የዚህ ብድር ዋስ ማን እንደሆነ በጽሑፉ ውስጥ አንድም ቦታ አልተነሳም።

“ወጣት ሰውነት ሁሉን ይችላል”

ለጊዜው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ያወጡት ጥናት አለ። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራ ሰው ጋር ሲነጻጸር፣ በስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር በመዘጋት ወይም በመፍሰስ) የመመታት ስጋቱ በ35 በመቶ ይጨምራል። በልብ ሕመም የመሞት ስጋቱም በ17 በመቶ ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ 745 ሺህ ሰዎች ከረጅም የሥራ ሰዓት ጋር በተያያዘ በእነዚህ ሁለት ሕመሞች እንደሞቱ ገምተዋል።

55 ሰዓት ሲባል ሩቅ ይመስላል። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ገብቶ፣ አንድ ሰዓት ምሳ በልቶ፣ ማታ 12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ የሚወጣ ሰው 55 ሰዓት ሞልቷል። በከተማችን እንዲህ የሚሠራውን ሰው ቆጥሮ መጨረስ አይቻልም። ጸሐፊው ራሳቸው “ከጠዋት 12 እስከ ማታ 3” እሠራለሁ ብለዋል።

ከጥናቱ ውስጥ በጣም የነካኝ ግን ሌላ ነው። ከሞቱት አብዛኞቹ ከ60 እስከ 79 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ የነበሩና ከ45 ዓመታቸው ጀምሮ ባሉት ዓመታት በዚያ ልክ የሠሩ ናቸው። ዕዳው የሚጠየቀው ዘግይቶ ነው ማለት ነው። በ30ና በ40 ዓመቱ ምንም ያልተሰማው ሰው “ይኸው ችያለሁ” ይላል። ሰውነቱ ግን መዝግቦ ይዞታል።

ደም ግፊትን ውሰዱ። አይቆረጥምም፣ አያስነጥስም፣ አያስልም። የላይኛው ቁጥር 140፣ ወይም የታችኛው 90 ሲደርስና በተለያየ ቀን ሲለካም እዚያው ሲቀር ግፊት አለ ይባላል። ሰውየው ግን ደህና ነኝ ብሎ ሥራ ይሄዳል። በዓለም ላይ ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ ያህሉ እንዳለባቸው አያውቁም። እስኪያውቁት ድረስ ልብን፣ ኩላሊትንና የአንጎል ደም ሥሮችን ይጎዳል። በየመንገዱ የሰው ፎቶ ተለጥፎ፣ በድምፅ ማጉያ ለኩላሊት እጥበት እርዳታ ሲለመን እናያለን። እጥበቱ ብዙ ጊዜ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ነው። ኩላሊትን ለዚያ ከሚያደርሱት ዋና ዋናዎቹ ስኳርና ደም ግፊት ናቸው። “ከ50 በኋላ እደርስበታለሁ” ለሚል ሰው ይህ የሚጠብቅ ነገር አይደለም።

“ወላጆቻችን ያለ ዕረፍት ሠርተው ምንም አልሆኑም”

ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አሉኝ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ጎጃም ገጠር ውስጥ ነው። ሥራ ከተባለ እርሳቸው ሠርተዋል። ውኃ ቀድተው፣ እንጨት ለቅመው፣ እህል አዝለው ወፍጮ ቤት ወርደው። ግን እሁድ ሰንበት ነው። ቅዳሜም በሬ አይጠመድም። ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23 አለ። መኸሩ ገብቶ ጎተራው ሲሞላ ጥር የሠርግ ወር ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራው ያበቃል፤ መብራት የለማ! ዕረፍቱ በበዓሉና በወቅቱ ውስጥ ተሰፍቶ ነው የተሰጣቸው። እርግጥ ሴቶቹ በበዓሉም ቢሆን ከምድጃው አይርቁም ነበር። አያቴ ዕረፍታቸው የሙሉ ሰው ዕረፍት አልነበረም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል።

የእኔ ቀን ከእርሳቸው ቀን ጋር አይገናኝም። ወንበር ላይ ዘጠኝና አሥር ሰዓት እቀመጣለሁ። ምሳዬን ከምሳ ዕቃዬ ኮምፒውተር ፊት እበላለሁ። ቤት ስገባ ስልኩ ይከተለኛል። ማታ 4 ሰዓት ላይ የሥራ መልእክት ይመጣል። እነርሱን በሥራ ብዛት ከእኛ ጋር ማነጻጸር ትክክል አይመስለኝም።

“ምንም አልሆኑም” የሚለው ደግሞ ስም ስላልሰጠነው ነው። “ድንገት ወደቀ” ብለናል። “ምች መታት” ብለናል። “ዓይነ ጥላ ነው” ብለናል። የአባቴ አጎት ከማሳ ተመልሰው ቡና እየጠበቁ ሳለ አፋቸው ተጣመመ፣ በሦስተኛው ቀን ሞቱ። በቤተሰባችን እስከ ዛሬ “ሰው በላቸው” ነው የሚባለው። ማን ለካቸው? ማን ጠየቃቸው?

“እንቅልፍ የሰነፍ ነው”

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ቢያንስ 7 ሰዓት ነው። ይልቅ የራሴን ልንገራችሁ። አንድ ዓመት ሰኔ 30 የበጀት መዝጊያ ላይ ሦስት ሌሊት አምሽተን ሠራን። በሦስተኛው ሌሊት 48 ሺህ ብር ማስገባት ሲገባኝ 84 ሺህ ብዬ አስገባሁ። ዴቢቱንም ክሬዲቱንም እኩል ስለተሳሳትኩ፣ የሂሳቡ ሁለት ጎን እኩል መሆኑ የሚታይበት ትራያል ባላንስ ልክ መጣ። ስህተቱ የታየው የባንክ ማስታረቂያ ስንሠራ፣ ማለትም መዝገባችንን ከባንኩ መዝገብ ጋር ስናመሳክር ነው። ልዩነቱ 36 ሺህ፤ ለ9 ይካፈላል። የሂሳብ ሰው ይህን ያውቀዋል። ልዩነት ለ9 ሲካፈል ብዙ ጊዜ ሁለት አኃዝ ቦታ ተለዋውጧል ማለት ነው። እስክናገኘው ድረስ ግን አራት ሰዎች ሁለት ቀን ደከሙ። ባልተኛሁት እንቅልፍ አተረፍኩት ያልኩት ሰዓት ከነወለዱ ተመለሰ። የከፈሉት ደግሞ ባልደረቦቼ ናቸው።

“ጤናን ማስቀደም የሀብታም ቅንጦት ነው”

ከነጥቦቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። በቀላሉ ላልፈው አልችልም፤ ግማሹ እውነት ነውና።

ጸሐፊው ጂም፣ የግል ክሊኒክና የአመጋገብ ባለሙያ እያሉ ይጠራሉ። እነዚህ ለብዙ ሰው የማይደረስባቸው ናቸው። የቀን ሠራተኛ አንድ ቀን ከቀረ የዚያን ቀን እንጀራ አጣ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ እንጀራ ጋግራ ለየሱቁ የምታከፋፍል ጎረቤት አለችኝ። እርሷን “እረፊ” ብላት ከኪራይዋ ላይ ምን ይቀነስላታል? ለእርሷ የሚያስፈልጋት የእኔ ምክር አይደለም። መድኃኒት የማያልቅበት ጤና ጣቢያ ነው። ስትታመም ከኪሷ እንዳታወጣ የሚያደርግ የጤና መድን ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ሐሳቡ ይኸው ነበር። ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፣ ሲታመም ይታከማል። መዋጮ የሚሰበሰብበትን ወቅት ጠብቆ መመዝገብና ማሳደስ ለእንደርሷ ያለ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ሌላው ግማሽ ግን ተገልብጧል። ጸሐፊው መጋዘን አላቸው። እግዚአብሔር ጤናቸውን ያብዛና፣ እርሳቸው አንድ ወር ቢተኙ መጋዘኑ ይሠራል። ሠራተኛ አለ፣ ዕቃ አለ፣ ኪራይ ይገባል። እንጀራ ጋጋሪዋ ስትተኛ ግን ምጣዱ አብሯት ይተኛል። ካፒታሏ ክንዷ ነው። ታዲያ ክንዱን መጠበቅ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለማን ነው? ጤና ለድሃ ቅንጦት ነው ማለት፣ ያለችውን አንዲት በሬ ለመቀለብ አቅም የለህም እንደማለት ነው።

ዋጋውንም እንይ። ግፊት ማስለካት ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። ለአምስት ቀን ሲካፈል በቀን 30 ደቂቃ ነው። እኔ ማታ ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ከምሰለፍ ወደ ሳር ቤት በእግሬ እሄዳለሁ። ብዙ ቀን ከሰልፉ ቀድሜ እደርሳለሁ። ጨው ደግሞ በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን ይባላል፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ ያህል ናት። ወጡ ውስጥ ያለውም፣ ሽሮው ውስጥ ያለውም፣ በርበሬው ውስጥ ያለውም ተደምሮ ነው። ወጥ ላይ ጨው መቀነስ ደግሞ ወጪ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ለደመወዝተኛው ሌላም ነገር አለ፤ ሕጉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። የትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። የዓመት ዕረፍት ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሥራው ካልተቋረጠ በስተቀር በገንዘብ መለወጥም ክልክል ነው። ይህን ያሰበ ሰው ዕረፍት የሚሸጥ ነገር እንዳልሆነ ገብቶታል። የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ደመወዝ። ይህ ሁሉ ለሀብታም የተጻፈ አይደለም። እኔ ራሴ ለዓመታት ዕረፍቴን እያሳደርኩ “አቤት ትጋትሽ” ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳዝነኛል።

“ለቅሶና እድር፣ ቡናና ጥየቃ ጊዜ ይበላሉ”

እዚህ ላይ አንድ ረጅም ጥናት ልጥቀስ። አሜሪካ ውስጥ፣ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 የተጀመረ ነው። 268 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችንና 456 የቦስተን የድሃ ሰፈር ልጆችን ይዞ ሕይወታቸውን ሙሉ ተከታተለ። ልጆቻቸው ጋ ደርሷል። ተመራማሪዎቹ መጨረሻ ላይ ያዩት ነገር አስገራሚ ነው። ሰውየው በ80 ዓመቱ ጤናው እንዴት እንደሚሆን፣ በ50 ዓመቱ ከነበረው የኮሌስትሮል መጠን ይልቅ፣ በ50 ዓመቱ ከሰዎች ጋር በነበረው ግንኙነት ምን ያህል ደስተኛ እንደነበር የተሻለ ይናገር ነበር።

እኛ ይህን ሀብት ሳንከፍልበት ይዘነው ነው ያደግነው። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪደርስ የሚወራው ወሬ። “ምነው ጠፋህ?” ብሎ ደጅ የሚያንኳኳ ሰው። ሐዘን የደረሰበትን ሰው ብቻውን የማይተው ድንኳን። ጸሐፊው ይህን ቆርጠው ጥለው ትርፍ ሰዓት አግኝተዋል። የቆረጡት ግን ጤናቸውን ነው።

አንድ ነገር ግን አምናለሁ። ሁሉም ለቅሶ ላይ መገኘት አይቻልም። በየሳምንቱ እሁድ ሦስት ቦታ መድረስ ያደክማል። ለማላውቀው ሰው ለቅሶ ከተማ አቋርጬ ከምሄድ ደውዬ አጽናናለሁ። ቁርጥና ቢራ እስከ እኩለ ሌሊት የሚል ጥሪም እምቢ ማለት ለምጃለሁ። መጀመሪያ ላይ ተቀየሙኝ፣ ኋላ ለመዱት። መምረጥ ይቻላል። ጨርሶ መቁረጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

“ለቤተሰብ ሲሉ ራስን መጉዳት ትልቁ ፍቅር ነው”

ምላሹን እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ ነው።

አባታችን ሲሞት ታላቅ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነበር። ወንድም ጋሼ ነው የምንለው። ዩኒቨርሲቲ መግባት ትቶ ኮንስትራክሽን ገባ። ቀስ በቀስ ፎርማን ሆነ። ቀን ሳይት ይውላል፣ ማታና እሁድ የግል ሥራ ይይዛል። ሦስታችንን አስተማረን። እኔ የተመረቅኩ ቀን ከእናቴ በላይ ያለቀሰው እርሱ ነው። ኋላ አግብቶ ሁለት ልጆች ወለደ። ሥራው ግን አልቀነሰም፤ አሁን ደግሞ ለልጆቹ ሆነ።

ጭንቅላቱን ያመው ነበር። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ፓናዶል አለ። አንድ ቀን “ወንድም ጋሼ፣ እስቲ ግፊትህን ተለካ” አልኩት።

“ይሄ ሶሌታ ይሞላና እሄዳለሁ” አለኝ፤ የፎቁን ወለል ኮንክሪት ማለቱ ነው።

ሶሌታው ተሞላ። ሌላ ሶሌታ መጣ። እኔም አንዴ ብዬው ዝም አልኩ።

46 ዓመቱ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ሳይት ላይ የያዘው የሻይ ብርጭቆ ከእጁ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ ሲል ራሱ ወደቀ። ሆስፒታል ሲደርስ የተለካው 210 በ120 ነበር። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ። አንደበቱ ተያዘ። ቀድሞ ቢለካ ኖሮ ሁሉም ይቀር ነበር ብዬ መማል አልችልም። ግን የመትረፍ ዕድሉን አልሞከረውም። እኛም አላስሞከርነውም።

አገራችን ውስጥ ሰው ብቻውን እንደማይታመም የምታውቁት ታውቃላችሁ። የተኛ ሰው አስታማሚ ይፈልጋል። እናቴ በ67 ዓመቷ ከአልጋው ሥር ፍራሽ አንጥፋ ከረመች። ሚስቱ ፀጉር ቤቷን ዘጋች። የመጀመሪያ ልጁ አሥረኛ ክፍል ነበር፤ ከትምህርት ቤት መጥቶ አባቱን በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጣል፣ ጎኑ እንዳይቆስል። እኔ የዓመት ዕረፍቴን አሟጥጬ ጨረስኩ፤ ለማስታመም ሌላ ፈቃድ አልነበረኝም። ለቤት ብሎ ያጠራቀመው በአራት ወር አለቀ። ቪትዝ መኪናው ተሸጠች። ጎረቤቶቻችን አጥሚት እየያዙ ተመላለሱ፤ ጸሐፊው ጊዜ ይበላሉ ያሏቸው ሰዎች ናቸው እነዚህ። ሌሊት እናቴን የሚተካ ሰው የተገኘውም ከእድሩ ነው።

ዋሱ ማን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። አንዳችንም አልፈረምንም። ሁላችንም ከፈልን። ከሁሉ የበለጠ የከፈለው ደግሞ ወንድም ጋሼ “ለእርሱ ስል ነው” የሚለው ልጅ ነው። ያን ዓመት ክፍል ደገመ።

ከሰባት ወር በኋላ አንደበቱ ትንሽ ሲፈታ፣ ቃል በቃል እየለቀመ “አደከምኳችሁ” አለን። እናቴ አፉን በእጇ ያዘችው። ይህ ሰው አይወደንም ነበር የሚል በእኔ ፊት አይናገርም። ከእርሱ በላይ የወደደን የለም። ግን ፍቅሩ አንድ ነገር ጎድሎት ነበር፤ እርሱም ራሱ ከምንወዳቸው ነገሮች አንዱ መሆኑን አላወቀም። እኛም አላሳወቅነውም። ብሩን ስንቀበል “እግዚአብሔር ይስጥልን” እንል ነበር። “ተለካህ ወይ?” አላልንም።

ይህ በየቤቱ ያለ ነገር ነው። ቤይሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ እህቶች አሉን። ሲደውሉ “ጤናሽ እንዴት ነው?” እንላለን፤ መልሱን ሳንሰማ ወደ ቤት ኪራዩና ወደ ታናሽ ወንድሟ ትምህርት እናልፋለን። ወገቧን እንደሚያማት በሦስተኛው ዓመት ስትመለስ ነው የምንሰማው። ስለዚህ ጸሐፊውን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። ራሱን የሚጎዳውን ሰው የምናደንቀው እኛ ነን። “እርሱማ ለራሱ የማያስብ፣ ጨዋ” እንላለን።

በየተራ ስለሚለው

ተራው እንደማይመጣ ከላይ የተናገርኩት ይበቃል። ግን ጸሐፊው አንድ ትክክለኛ ነገር ተናግረዋል። ሁሉንም በየቀኑ እኩል መያዝ አይቻልም። እኔም አልሞክርም። ሰኔ ላይ አመሻለሁ፤ ባለቤቴም ልጄም ያውቁታል። ቤቱን እርሱ ይይዛል። በዚያ ወር እንኳ ከ6 ሰዓት ተኩል በታች ላለመተኛት እታገላለሁ፣ ያልተሳካልኝ ሌሊትም አለ። ሐምሌ ላይ ግን ዕረፍቴን እወጣለሁ። አለቃዬ መጀመሪያ “ሐምሌ ላይማ ኦዲተር ይመጣል” ብለውኝ ነበር። “ኦዲተሩ ሲመጣ የሚፈልገውን ሁሉ በፋይል አስቀምጬ ነው የምሄደው” አልኳቸው። አስቀመጥኩ፣ ሄድኩ። ስመለስ መሥሪያ ቤቱ ቦታው ላይ ነበር።

“8 ዓመት የሐኪም ቤት ደጅ አልረገጥኩም”

አሁን ጸሐፊውን በቀጥታ ላናግራቸው። ክቡር ወንድሜ፣ ይህ ዐረፍተ ነገር ነው ያስጨነቀኝ። 8 ዓመት ኦዲት ያልተደረገ ድርጅት አትራፊ ነው ብዬ ለመፈረም አልደፍርም። እርስዎም በመጋዘንዎ ላይ አይፈቅዱትም። ወንድሜም ከመውደቁ በፊት “ምንም የለብኝም” ይል ነበር።

ሥራዎን ይተዉ አልልዎትም። የምለምንዎት የአንድ ጠዋት ነገር ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ሰፈርዎ ያለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከመለካትዎ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፣ ሲጋራም አያጭሱ። አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ጀርባዎን ያስደግፉ፣ እግርዎን ሳያነባብሩ መሬት ያስረግጡ፣ ክንድዎ በልብዎ ትይዩ ይሁን። ሁለት ጊዜ እንዲለኩዎት ይጠይቁ። እግረ መንገድዎን ስኳርዎንም ያስለኩ። ከዚያ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጽፈው ቤትዎ ይውሰዱና ለባለቤትዎ ያሳዩአቸው።